የተቆላው አፈር

አሰጋሽ ንጽሕና ትወዳለች ማለት ማሳነስ ይሆናል። በሱዳን፣ ገዳሪፍ ባለው የስደተኞች መጠለያ ውሃ በወረፋ እየተቀዳ፣ እሷ የደጇን ድንጋይ ሳይቀር ታጥብ ነበር። ጎረቤቷ ባፈና ደግሞ ከፍየሎቿ ጋር አንድ ትልቅ ግራር ሥር ነው የምትውለው። አሰጋሽ በዚያ በኩል ስታልፍ የቀሚሷን ጫፍ ሰብሰብ ታደርጋለች።

ባሏ ታምሬ ከደርግ እስር ቤት በሕይወት ከወጣ፣ ለመጠለያው ቤተ ክርስቲያን ጥላ የሚሆን ግራር አበቅላለሁ ብላ ለማርያም ተስላ ነበር። ታምሬ ወጣ፤ ድንበሩንም ተሻግሮ መጣላት። ስለቱ ግን እምቢ አለ። ሁለት ክረምት ሙሉ ችግኞቿ ጣት ሳያህሉ ቢጫ እየሆኑ ሞቱባት። የማርያምን ስለት በልቼ ልቀር ነው ብላ ፈራች፤ የምር ፈራች።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ የችግኝ ጣቢያውን ኃላፊ ሙዘይንን ጎትታ አመጣችው። ሱዳናዊ ነው፤ አማርኛውን የለቀመው ከመተማ ገበያ ነው።

«አፈሩን ምን አደረግሽው?» አላት።

«በወንፊት ነፋሁት። ነጭ ሻጋታ ነበረበት፤ እሱ እንዲሞትልኝ በብረት ምጣድ ቆላሁት።»

ሙዘይን ሳቁን ሊውጥ ሞክሮ አቃተው። «ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ አፈር ነው ሽምብራ?»

ወደ ባፈና ግራር ወስዶ ከሥሩ ጥቂት ጫር አደረገ። ቀጫጭን ነጭ ክሮች አፈሩን ተብትበውታል።

«ሹፊ፣ እዪ፣ ይኼ የእንጉዳይ ዘመድ ነው። ዓይን የማያየው፣ ከዚህም የቀጠነ አለ። ሥሩ የማይደርስበት ገብቶ ውሃና ምግብ ያመጣለታል፤ ዛፉም ቅጠሉ ከሠራው ስኳር ያበላዋል። ጫካ ውስጥ ዛፍን ከዛፍ የሚያገናኘው እሱ ነው። አንቺ እሱን ቆልተሽ ያለ ጎረቤት አስቀርተሻቸው፣ ወላሂ፣ እንዴት ይደጉ? ከዚህ አፈር ውሰጂና ቀላቅዪበት።»

ባፈና ከፍየሎቿ መሃል ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

«ከእኔ አፈር? ኧረ እንዳያቆሽሽሽ እህቴ!» ብላ ሳቋን ለቀቀችው። «ዕቃም የለኝ፤ በምን ልትወስጂው ነው?»

አሰጋሽ ፊቷ ቀላ፤ መናደዱም ማፈሩም አንድ ላይ መጣባት። ከዚያ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ የምትለብሰውን ጸዓዳ ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ መሬት ላይ ዘረጋችው።

«በዚህ» አለች።

የባፈና ሳቅ ተቋረጠ። ጎንበስ አለችና አፈሩን በሁለት እጇ እየዛቀች ሞላችላት።

በሦስተኛው ክረምት ችግኞቹ ጸኑ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ ሲተከሉ ቄሱ ስለቱ የማን እንደሆነ ጠየቁ። አሰጋሽ ባፈናን እጇን ይዛ ወደ ፊት ሳበቻት።

«የሁለታችን ነው፣ አባ።»

ባፈና ጭቃ የነካውን እጇን ልትደብቅ ታገለች። አሰጋሽ ግን አልለቅ አለቻት።