ጥርት ያለ እንግሊዝኛ

መምህርት ህይወት በፍኖተ ሰላም ካሉት የእንግሊዝኛ አስተማሪዎች የምትለየው ተማሪዎቿን በኢንተርኔት በማናገሯ ነበር። ልጆቹ በእሷ ስልክ ድምፃቸውን ይቀዳሉ፤ ድምፁ እንግሊዝኛ መማሪያ ወደሆነ ገጽ ይወጣል፤ የትም አገር ያለ ፈረንጅ ሰምቶ ያርማቸዋል። ያን ሰሞን ታዲያ ልጁ ሁሉ መንገድ ለመንገድ ብቻውን እንግሊዝኛ ሲለፈልፍ ላየው አበደ ያሰኝ ነበር።

ጎጃሜ ሳይተዋወቅ ወሬ አይጀምርም። የማን ልጅ ነህ፣ አገርህ ወዴት ነው ሳይባባል ቁም ነገር የለም። ህይወትም ይህንኑ በእንግሊዝኛ አስለመደቻቸው፤ አስቀድሞ ስም ከነአባት፣ ቀጥሎ አገር፣ ከዚያ ጉዳይ። ሌላ ማን ይሰማው ይሆን ብላ አንድ ቀን እንኳ አላሰበችም። ፈረንጅ ብቻ የሚሰማ መስሏት ነበር፣ የዋህ!

በመስከረም 2009 ትምህርት ሲከፈት፣ “ክረምቱን ያያችሁትን ተናገሩ” አለቻቸው። ከቋሪት መጥቶ ቤት ተከራይቶ የሚማረው ላቀው፣ በነሐሴው ረብሻ ወታደሮች ሲተኩሱ ያየውን፣ የአጎቱን ልጅ ማን እንደመታው ሳይቀር ተናገረ። ህይወት አፉ እንዴት እንደተፈታ ስትደነቅ የሚለውን ነገር በቅጡ ሳታጤነው ድምፁን ገጹ ላይ ለቀቀችው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ለማጠናከሪያ ትምህርት ስትገባ ሁለት የማታውቃቸው ሰዎች ርእሰ መምህሩ ቢሮ ተቀምጠው አገኘች። ርእሰ መምህሩ ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ቢሮውን ለቆላቸው ወጣ።

ጎልማሳው ሰውዬ በትሕትና ወንበር ሳበላት። ከዚያ ስልኩን ከፈተ። ላቀው አድማሴ እባላለሁ፣ አገሬ ቋሪት ገበዘ ማርያም ነው ይላል የልጁ ድምፅ፣ በእንግሊዝኛ፣ ጥርት ብሎ።

“ስሙና አገሩ ለእኛም ገብቶናል” አለ ሰውየው ፈገግ ብሎ። “የቀረውን ይተርጉሙልን። ክፉ ነገር ከሌለበት ልጁን ለምን እናስቸግረዋለን?”

ላቀው ስንቅ ሊያመጣ ትናንት ወደ ቤተሰቦቹ ሄዷል። አገሩን ደግሞ ሰዎቹ ከራሱ አፍ ሰምተውታል። ህይወት ሳትንተባተብ ዋሸች፤ ክረምቱን ከአባቱ ጋር ጤፍ ሲያርም ከረመ፣ ዝናቡ ደህና ነበር፣ የአጎቱን ልጅ በሬ ወግቶት ታመመ አለች። በሕይወቷ እንደዚያ አሳምራ ዋሽታ አታውቅም።

ሰውየው ራሱን እየነቀነቀ አዳመጣት፤ አመሰገናትም። “እንዲያው ለማመሳከር ያህል” አለና ወደ በሩ ዞሮ፣ “ያችን ልጅ አስገቧት!” ሲል ተጣራ።

የገባችው ሳሌም ነበረች፤ የክፍሉ አንደኛ፣ ላቀው ያለበት የአንድ ለአምስት ቡድን መሪ። ለእንግሊዝኛ ውድድር ትመረጫለሽ ብለው ነበር ያመጧት። ህይወት በዓይኗ ልትጠቅሳት ስትል ሰውየው መሀላቸው ገብቶ ቆመ።

“እስቲ መምህርትሽን አኩሪያት” አላት።

ሳሌም እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ከስልኩ የሚወጣውን ድምፅ ሰማች። ከዚያ አንዲት ቃል ሳታስቀር፣ ተኩሱን፣ የተኳሹን መልክ፣ የላቀውን ንዴት ሁሉ ባማረ አማርኛ አንበለበለችው። ገና ሳትጨርስ ሁለተኛው ሰው ተነሥቶ ወጣ።

ልጅቷ ከሰውየው ትከሻ ወዲያ አንገቷን አስግጋ መምህርቷን ፈለገች። ፊቷ በደስታ በርቷል።

“ቲቸር፣ የሳትኩት አለ?”

ደጅ የሰዎቹ መኪና ወደ ቋሪት ሲነሣ ተሰማ።