ሁለቴ የሚረገጥ ፍሬን

«‹ሮድወርዚ› ብዬ ጻፍኩት፣ አባባ» አለች ልጅቱ፣ የሽያጭ ማስታወቂያውን ስልኳ ላይ እየነካካች።

ጡረተኛው ሾፌር የአሮጌ መኪናውን መስታወት መወልወሉን ሳያቆም፣ «ምን ማለት ነው ደግሞ እሱ?» አላት።

«እንግሊዝኛ ነው፤ ለመኪና የሚባል። መንገድ ብትወጣ ለተሳፋሪውም ለእግረኛውም የማታሰጋ ማለት ነው።»

«የምትሄድ አትይም በአጭሩ?»

«መሄድማ ጋሪም ይሄዳል። በደህና መሄድ አለባት።»

«እንግዲያው የኔዋን ነው የሚለው!» አለ ደረቱን ነፍቶ። ዓይኑ ባይደክም ኖሮ ቢሞት አይሸጣትም ነበር።

ማስታወቂያውን አይታ ከሰዓት በኋላ የመጣችው ገዢ ነርስ ናት። መንታ ልጆቿን ትምህርት ቤት ልታመላልስባት ፈልጋለች።

«ያችን ቃል ባላይ አልመጣም ነበር» አለች። «እኔ ስለ መኪና ምኑንም አላውቅ፤ የምጭነው ደግሞ ልጆቼን ነው።»

ግቢ ውስጥ ልትሞክራት መሪውን ያዘች። ሽማግሌው አጠገቧ፣ ሴት ልጁ ከኋላ ተቀመጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ነርሷ ፍሬኑን ረገጠች፤ መኪናዋ ግን አልቆመችም። የሽማግሌው ቀኝ እግር ሳያዘው ከፊቱ ያለውን ባዶ ወለል ሁለቴ ረገጠ። መኪናዋ በሩን ከተደገፉት አሮጌ ጎማዎች ጋር ተላትማ ቆመች።

«ውይ፣ በሞትኩት! ጥፋቱ የኔ ነው፤ ገና ለማጅ ነኝ» አለች ነርሷ ፊቷ ቀልቶ።

ሽማግሌው እግሩን አየ። ስንት ዓመት ሙሉ ፍሬኗን ሁለቴ እየረገጠ ሲነዳ ነገሩን እንደ ብልሽት ቆጥሮት አያውቅም፤ እግሩ አመሏን ለምዶታል። አሁን ዝም ቢል ነርሷ ጥፋቱን ተሸክማ፣ መኪናዋንም ገዝታ ትሄዳለች። ሁለቱ ሕፃናት ከኋላ ተቀምጠው ታዩት።

«የለም፣ የኔ ልጅ፤ ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ፍሬኗን ታማለች። አንዴ ተረግጦ አይዝም።» ወደ ኋላ ዞረ። «ያንን ቃል አጥፊው።»

«እኔም እኮ ሁልጊዜ ሁለቴ ነው የምረግጠው» አለች ልጁ ቀስ ብላ። «መኪና ሁሉ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።»

«እኔ አይደለሁ ያስተማርኩሽ» አለ። እጁን ወደ ኋላ ልኮ ጉልበቷን ዳበሳት።

በማግስቱ ነርሷን ይዘው ጋራዥ ሄዱ። መካኒኩ ፍሬኑን ጠግኖ ሲጨርስ እጁን በጨርቅ ጠረገና ቁልፉን ለሽማግሌው ዘረጋለት።

«በሉ ይሞክሯት፣ ጋሼ።»

ሽማግሌው ቁልፉን ተቀብሎ ለነርሷ ሰጣት።

«አንቺ ሞክሪያት» አላት። «የኔ እግር ያባብላታል።»