ደጃፉ ላይ የቆመው ዳማ

የእጁን መንቀጥቀጥስ ለምጄዋለሁ። እኔን ያስፈራኝ ፈረሱ ነው።

ባለቤቴ ጆቴ፣ ባጃጅ ናዝሬትን ሳይሞላት በፊት፣ ጋሪ ነጂ ነበር። ዳማ ፈረሱ ከሞተ ስንት ዘመኑ! ዘንድሮ ግን ተመልሶ መጣ፤ ለእሱ ብቻ። ባዶውን ግቢ እያየ «ውሃ አጠጡት እንጂ!» ይለናል። ሐኪሙ፣ ፓርኪንሰን እየቆየ ሐሳብንም እንደሚያውክ፣ የሌለውን እንደሚያሳይ ነግሮናል። «እማማ፣ አይከራከሩት» ብሎኝም ነበር። አፌ መች ያርፍልኛል? «ኧረ ፈረስ የለም!» እላለሁ፤ እሱም ያኮርፋል።

የልጅ ልጃችን የቤዚ ሠርግ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ። ሙሽራ የአያቷን ጉልበት ስማ ሳትመረቅ ከቤት አትወጣም። ሰው ፊት ፈረስ ቢጠራስ? ከሁሩታ የሚመጡት አማቾች ምን ይላሉ?

«ጓዳ ይቀመጥና እዚያው ትሳመው» አልኩ።

«እማዬ፣ አባባ ድንኳን ካልወጣ እኔም አላገባም» አለች ቤዚ፣ ኩም አድርጋኝ።

በዕለቱ መድኃኒቱን በሰዓቱ ሰጠሁት። ልጃችን መሳይ ክንዱን ይዞ አወጣው። ደጃፉ ላይ ሲደርስ እግሩ መሬት ላይ ተተከለ።

«አባዬ፣ ና እንጂ!»

«በየት ልለፍ? ዳማው መንገድ ዘግቷል።»

ከድንኳኑ አንዱ ሳቀ። ቪዲዮ ቀራጩም ካሜራውን ወደኛ አዞረ። «የለም» ልል አፌን ስከፍት የጆቴን ፊት አየሁት። የሰው መሳቂያ መሆኑ አላሳሰበውም፤ እንስሳውን እንዳይገፋው ነው የተጨነቀው።

ቀሚሴን ሰብስቤ ወረድኩ። እጄን ከፍ አድርጌ፣ ፈረሱ ቁመታም ነበርና፣ ልጓም ያዝኩ። «ቼ! ዞር በል አንተ!»

«አታጥብቂው» አለኝ ጆቴ፣ «አፉን ቆስሏል።»

አላላሁለት። በድንኳኑ ገመድ ሥር አሳልፌ እስከ ውሃው ሮቶ ወሰድኩትና አሰርኩት።

ጆቴ «ቼ» አለ፣ ለራሱ። እግሩ ተነሣ! «ቼ…» ሌላኛው ተከተለ። መሳይ ክንዱን ለቀቀው። ያ ሁሉ ሰው እያየው፣ ባሌ ብቻውን ሄዶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እኔ አማተብኩ።

ቤዚ ተንበርክካ ጉልበቱን ሳመች። ትናንት በእህቴ ስም ሲጠራት ስለነበር ስሟን ላሾልክለት ጎንበስ አልኩ። አልጠበቀኝም። የሚንቀጠቀጥ እጁን አናቷ ላይ አኖረና በኦሮምኛ ጀምሮ መረቃት።

«ሆሪ፣ ቡሊ! ውለጂ፣ ክበጂ! መንገድሽ ሲዘጋ ሳይሰድብ የሚከፍትልሽ ሰው አያሳጣሽ!»

«አሜን!» አለ ድንኳኑ።

ስሟን እስካሁን አላስታወሰም።

እንግዳው ሲበተን ውሃ ልቀዳ ወደ ሮቶው ሄድኩ። እዚያ ምንም እንደሌለ አውቃለሁ፤ ሆኖም ፈረሱን ከኋላው እንዳልጠጋው ዞሬ አለፍኩ።