ሊቀመንበሩ ቤት የተሰቀለው ስፒከር

ባሌ ብዙነህ አዳማ ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ነው፤ ራሱን የሚቆጥረው ግን እንደ መሐንዲስ ነው። እሱ ፈትቶ የገጠመው ዕቃ ሁሉ አንድ ሁለት ብሎን ይተርፈዋል። የተረፈውን ብሎን ሳሳየው፣ ፋብሪካው ሳያስፈልግ የጨመረው ነው ይለኛል።

ግቢያችን ውስጥ አምስት አባወራ እንኖራለን፤ ሬዲዮ ያለው የእኛ ቤት ብቻ ነበር። ዜና ሰዓት ሲደርስ ጎረቤቱ ሁሉ እኛ ቤት ይከማቻል፤ ወንበር ሲያልቅ አልጋዬ ላይ ይቀመጣሉ። አልጋው የተሰበረ ዕለት በቃኝ አልኩ። ብዙነህ ይህን ቀን ሲጠብቅ የኖረ ይመስል፣ ገበያው አጠገብ ሬዲዮ ከሚጠግነው ከአብዱልመናን ዘንድ ሄዶ፣ ከማይጠገኑ ሬዲዮዎች የተነቀሉ ስፒከሮች በዘንቢል ተሸክሞ መጣ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ከእኛ ሬዲዮ ተነስቶ የስልክ ሽቦ በአጥሩ ላይ ይዘረጋል፣ በየቤቱ አንድ ስፒከር ይሰቀላል፣ አንዱ ሬዲዮ ለሁሉም ይናገራል። ማንም አዲስ ሬዲዮ አይገዛም፣ እኔም አልጋዬ ላይ ብቻዬን እተኛለሁ፤ ከብዙነህ ጋር ማለቴ ነው።

በዚያ በደርግ ዘመን ግን ሦስት ሰው ያለ ኮሚቴ ምስማር አይመታም። የስፒከር ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ተቆጣጣሪ ተመረጠለት። የመጀመሪያ ስብሰባውን ያደረገው ሽቦው ተዘርግቶ ካለቀ በኋላ ሲሆን፣ አጀንዳው ሽቦው ይዘርጋ ወይስ አይዘርጋ የሚል ነበር። በሙሉ ድምፅ ይዘርጋ ተባለ። ወዲያው አንዱ፣ ሊቀመንበሩ ቢሰማ ምን እንላለን ብሎ ጠየቀ።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ መርዳሳ የሚኖረው ከአጥራችን ወዲያ ነው። ሳይነግሩት ሽቦ መዘርጋት ሳይነግሩት መሰብሰብ ነው፤ ሳይነግሩት የተሰበሰበ ሰው ምን እንደሚደርስበት ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ትልቁ ስፒከር እሱ ቤት እንዲሰቀል ወሰንን። አልጠየቀንም። ሬዲዮ አለው፣ ያውም ከእኛ የተሻለ። ጉቦ እንዳልለው ያደረገልን ነገር የለም፣ ስጦታ እንዳልለው ማናችንም አንወደውም። ፍርሃት ነው እንጂ ሌላ ስም የለውም። መርዳሳም ስፒከሩን ሳሎኑ ውስጥ አሰቅሎ፣ በሚቀጥለው የቀበሌ ስብሰባ ላይ ግቢያችንን የጭቁኖች ኅብረት ምሳሌ ነው ብሎ አስጨበጨበልን። ብዙነህ ደረቱን ነፍቶ ሰነበተ።

ከእኛ ቀጥሎ ባለው ቤት የምትኖረው ጉዲቱ አስተማሪ ናት፤ ጴንጤ ናት። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ወዲህ እሁድ ከሰዓት በኋላ ጥቂት ሆነው እቤቷ ይጸልያሉ፤ ያለ መዝሙር፣ ያለ ጭብጨባ፣ ድምፃቸውን ውጠው። ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሳም። ከዚህ በፊት ታስራ ወጥታለች፤ ዳግመኛ ከተያዘች ሥራዋንም ጤናዋንም ይዛ አትወጣም። እኔ ጴንጤ አይደለሁም፤ የምስመው ኪዳነ ምሕረትን ነው። ግን ወንድሜ ነጋሳ ለብሔራዊ ውትድርና ታፍሶ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ስሙን ለጉዲቱ ሰጥቻታለሁ። ከሰፈሩ የዘመቱትን ልጆች ስም እየጠሩ ነው የሚጸልዩት። ነጋሳን ከገበያ መሐል አስይዞ መኪና ላይ ያስጫነው መርዳሳ ነው። እሱን እኔ ይቅር ብዬው አላውቅም።

አንድ እሁድ ሬዲዮውን አጥፍተነው ጎመን ስከትፍ፣ ከጠፋው ሬዲዮ ውስጥ የሰው ድምፅ መጣ። አማተብኩ። ጆሮዬን ባስጠጋ የጉዲቱ ድምፅ ነው፤ ነጋሳን ጠብቀው ትላለች። ብዙነህን ጎትቼ አሰማሁት። ፊቱ በራ። ለካ ሬዲዮው ሲጠፋ ስፒከሩ እንደ ማይክራፎን ይሠራል፣ እዚህ ቤት የተወራው በሽቦው ሄዶ እዚያ ቤት ይሰማል ብሎ ግኝቱን ሊተነትንልኝ ጀመረ።

«እዚያ ቤት የማን ቤት ነው?» አልኩት።

የበራው ፊቱ ወዲያው አመድ መሰለ። ሽቦው ከተዘረጋ ወዲህ የተጸለየው ሁሉ መርዳሳ ሳሎን ገብቷል ማለት ነው።

ሮጬ ለጉዲቱ ነገርኳት። ኮሚቴው አስቸኳይ ስብሰባ ተቀመጠ። የሊቀመንበሩን ሽቦ መቁረጥ አሻጥር ነው፣ መተው ደግሞ ሴትዮዋን ማስበላት ነው፤ ስለዚህ ጉዳዩ በጥልቀት ይጠና ተባለና ተበተኑ። ጉዲቱ አልጠበቀቻቸውም። እስር ቤት ምን እንደሚያስፈልግ ስለምታውቅ ሹራብና ሳሙና በሻንጣ ከታ በሯ ላይ ተቀመጠች። እኔ ብዙነህን የቀረኝ ስድብ እስኪያልቅ ሰደብኩት።

በማግስቱ መርዳሳ ሽጉጡን እንደታጠቀ ብቻውን መጣ። «አካም ጅርቱ» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጠ፣ ወደ ማንም ሳያይ። ሁላችንም ከየበራችን ቆመናል። ጉዲቱ ሻንጣዋን አንስታ ፊቱ ቆመች። ብዙነህ ስለ ቴክኒክ ችግሩ ማስረዳት ሲጀምር፣ መርዳሳ በእጁ ምልክት ዝም አሰኘው።

«እሁድ እሁድ የምትጠሯቸው ስሞች አሉ» አላት።

ጉዲቱ አልካደችም። «አሉ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«ቀነኒሳ የሚባል ልጅ አለ። እሱ አልተጠራም።»

ቀነኒሳ የገዛ ልጁ ነው። ለሰፈሩ አርአያ ይሁን ብሎ፣ መድረክ ላይ አቁሞ፣ እኛን አስጨብጭቦ ነው ያዘመተው። ከሄደ ወዲህ ወሬውን የሰማ የለም። ማንም ስሙን ለጉዲቱ አልሰጣትም፤ ማን ይስጣት?

«እንጠራዋለን» አለች ጉዲቱ፤ ሻንጣዋን ግን አላስቀመጠችም።

መርዳሳ ወደኛ ዞረና በስብሰባ ድምፁ፣ ያለ ፈቃድ መሰብሰብ በጥብቅ የተከለከለ መሆኑን አስታወሰን። አብዮታዊ እርምጃ የሚለውንም አልረሳም። ሲጨርስ ወደ እሷ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ስሙን ስትጠሩ ወደ ስፒከሩ ቀረብ በሉ» አላት። «እናቱ ጆሮዋ ይደክማል።»

እሁድ ሬዲዮውን አጥፍቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ነጋሳ ተጠራ። ሌሎቹም ተጠሩ። መጨረሻ ላይ ጉዲቱ፣ ያን ሁሉ ዘመን ድምፅዋን ስትውጥ የኖረችው ሴት፣ ጮክ ብላ ቀነኒሳ አለች። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ሴት አሜን አለች፤ ከእሷ ጋር አንድ ወንድ አለቀሰ። መርዳሳ አንድ ቀን እንደኔ እንዲያለቅስ ስመኝለት ነበር የኖርኩት። ሲያለቅስ ስሰማ አብሬው ማልቀሴ እስካሁን ያናድደኛል።