ኢንጂነር ዳምጠው ካሜራ ፊት የተናገረው

ኢንጂነር ዳምጠው ቤቴን ሸጠብኝ። ኢንጂነር ዳምጠው የሚባል ሰው የለም፤ «የዋሆች ሰፈር» በሚባለው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ውስጥ ያለ አጭበርባሪ ገጸ ባሕርይ ነው። የሸጠው ቤት ግን አለ። ጎፋ ነው ያለው፤ ግቢው ውስጥ ሁለት የዘይቱን ዛፎች ነበሩት፤ ካርታው በስሜ ነው። ስሜ ይርገዱ ወልደማርያም ይባላል።

ተመልካቾች በድራማው የቴሌግራም ቻናል ላይ ከካሜራ ጀርባ ስለነበረው ነገር ይጠይቃሉ። ክፍል ሦስት ላይ ምድር ቤት ብቻ የነበረው ቤት ክፍል አራት ላይ እንዴት ፎቅ አወጣ? የውሃ ጉድጓዱን ማን ቆፈረው? አንዱማ «የቤቱን ዲዛይን የሠራው ሰው ሽልማት ይገባዋል» ብሎ ጽፏል። ዲዛይን የሠራ ሰው አልነበረም። ሌላ የሚያውቅ ስለሌለ እኔ እመልሳለሁ።

ቤቱን ከባለቤቴ ጋር ብሎኬት በብሎኬት ነው የሠራነው። እሱ ጣሪያው ሳይመታ ሞተ፤ ጣሪያውን እኔ አስመታሁት። አንድ ቀን አቤኔዘር የሚባል ወጣት ዳይሬክተር መጥቶ ለሦስት ወር ቀረጻ አከራይኝ አለኝ። ጨዋ ነው፤ ሲያናግርህ ግን የሚያየው አንተን ሳይሆን ከኋላህ ያለውን የመስኮት ብርሃን ነው። ተዋዋልን። እኔ ከጓሮ ያለችው ሰርቪስ ቤት ገባሁ፤ ዋናውን ቤት ለነሱ ለቀቅሁ።

ኢንጂነሩን የሚጫወተው ሮቤል ነበር። ጠዋት ጠዋት በታክሲ መጥቶ ጎንበስ ብሎ «እንዴት አደሩ እትዬ ይርገዱ» ይለኛል። ከዚያ ቡናማውን ኮት ይለብስና የማያውቀውን ሰው ቤት ለማያውቀው ሰው ይሸጣል። ድራማው ይኸው ነው።

ክፍል ሦስት ሲቀረጽ ገዢው «ቤቱ ፎቅ የለውም እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ኢንጂነሩ «አለው እንጂ፣ ደረጃው በጀርባ ነው» አለ። የተጻፈው እንደዚያ ነበር። ተመልካች እንዲስቅ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ከቤቱ ጀርባ ደረጃ ነበር። ቆጠርኩት፣ አሥራ አራት ነው። መደገፊያው ብዙ ዓመት በእጅ የተሻሸ ይመስል ለስልሷል። ላይ ሦስት መኝታ ቤት አለ፤ የአንደኛው መስኮት መስታወቱ ተሰንጥቆ በፕላስተር ተለጥፏል፤ ፕላስተሩም አርጅቷል። አቤኔዘር ወጥቶ አየና «ጥሩ ነው፣ ለክፍል አራት እንጠቀምበታለን» አለ።

ወረዳ ሄድኩ። ሠራተኛው ፋይሌን አወጣ።

«እዚህ ባለ አንድ ፎቅ ነው የሚለው፣ እናት። ምን ጎደለብዎት?»

«አልጎደለም። ተረፈ።»

«ተረፈኝ ብሎ የሚያመለክት ሰው አለ?»

«ይኸው እኔ አለሁ።»

«ማመልከቻ የምንቀበለው ለጎደለ ነው» አለና ፋይሉን ዘጋ።

ክፍል አምስት ላይ ኢንጂነሩ ግቢውን በእጁ እያሳየ «የራሱ ጉድጓድ አለው፤ እዚህ ቤት ውሃ ጠፍቶ አያውቅም» አለ። በማግሥቱ አንደኛው የዘይቱን ዛፍ አልነበረም፤ በቦታው ጉድጓድ ነበር። ጎፋ ውሃ ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ስለነበር የሰፈሩ ሰው ጀሪካን እየያዘ ተሰለፈ። ጉድጓዱ ከየት መጣ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ውሃ ካለ ማን ይጠይቃል።

ክፍል ስድስት ላይ ገዢው «አንተስ የት ነው የምትኖረው?» ሲለው «እዚሁ ነኛ» ብሎ መለሰ።

በማግሥቱ ሮቤል ከታክሲ ሳይወርድ ኢንጂነሩ ሳሎኔ ውስጥ ነበር። ቡናማውን ኮት ለብሷል፤ እንቁላል ፍርፍር እየበላ ነው። ፊቱ የሮቤል ፊት ነው። ሮቤል በሩ ላይ ቆሞ አየው፤ እሱም ሮቤልን አየና መብላቱን ቀጠለ።

አቤኔዘር ሁለቱንም አያቸው። «ቃለ ተውኔቱን ታውቀዋለህ?» አለው ኢንጂነሩን።

«ከማንም በላይ» አለ ኢንጂነሩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሮቤል የሚመጣው ለምሳ ብቻ ሆነ። ኢንጂነሩ ማታ የሚተኛው እኔ አልጋ ላይ ነበር። ከአልጋዬ ተነስ ብዬው ነበር። «እትዬ፣ አልጋው ከቤቱ ጋር አብሮ የሚሸጥ ነው፤ አሁን ባወጣው ገዢው ይቀየመኛል» አለኝ በጣም በትሕትና። ሰውየው ትሕትናው እንጂ ሌላ ነገሩ አይደለም የሚያስፈራው።

አንድ ቀን ሮቤል ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሽሮውን ሲበላ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«ካሜራ ፊት ገብተህ ‘ይህ ሁሉ ውሸት ነው’ ብትልልኝስ?» አልኩት።

«ሞክረናል» አለኝ። «ክፍል ሰባት ላይ ገዢውን የሚጫወተውን ልጅ ለመንኩት፤ ‘ጉድጓድ የለም’ ብሎ ተናገረልኝ። ጉድጓዱ አልሄደም። ግማሽ ቀን ውሃው ጠቁሮ ዋለ እንጂ።»

«እና ምን ይሻላል?»

«ካሜራው እየቀዳ የተባለ ነገር አይነሳም፣ እትዬ። የሚቻለው እላዩ ላይ መጨመር ብቻ ነው።» እንጀራውን አጣጥፎ ጎረሰ። «እኔም የምጨምረው እንዳይኖረኝ ነው መሰለኝ ኢንጂነሩ ከካሜራ ያወጣኝ።»

ከዚያ በኋላ ገና ያልተቀረጸውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ። ጠረጴዛ ላይ ጥለውት ሲሄዱ አነባለሁ። ክፍል አሥራ አንድ ላይ ገዢው «የቤቱን ባለቤት በዓይኔ ካላየሁ አልፈርምም» ይላል፤ ኢንጂነሩ «የቤቱ ባለቤት ውጭ አገር ናቸው» ብሎ ይመልሳል። አቤኔዘርን ያዝኩት።

«ይህቺን ቀይራት። እኔ ፓስፖርት እንኳ የለኝም፤ ነገ የት አገር ልነቃ ነው?»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«አሟቸዋል በል። ቀላል ሕመም።»

«ጉንፋን» ብሎ ጻፈ፤ ፊቴ ነው የጻፈው።

ቀረጻው ሰኞ ጠዋት ነበር። እኔ ከካሜራው ኋላ ቆሜያለሁ። ገዢው የሚለውን አለ። ኢንጂነሩ ገዢውን አየ፤ ቀጥሎ በገዢው ትከሻ ላይ አሻግሮ እኔን አየኝ።

«የቤቱ ባለቤት ዛሬ ጠዋት አረፉ» አለ። «ቀብራቸው ነገ በዘጠኝ ሰዓት ነው። ከቀብር መልስ ቁልፉን አስረክብዎታለሁ።»

የድምፅ ባለሙያው «ድምፁ ገብቷል» አለ።

«ከጻፍኩት ይሻላል» አለ አቤኔዘር።

ምንም አልተሰማኝም። ወደ ሰርቪሴ ስመለስ ውሻዬ ቀና ብሎ አየኝና ተነስቶ ሌላ ቦታ ሄዶ ተኛ። ቁጭ ከማለቴ መንገድ ላይ የእድር ጥሩምባ ተነፋ። ለፋፊው ስሜን ከነአባቴ ጠራ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ተናገረ።

በሩ ጋ ስደርስ የእድራችን ሊቀመንበር ጋሽ ቢራቱ ድንኳን እያስተከሉ ነው።

«ጋሽ ቢራቱ፣ ይኸው ቆሜያለሁ።»

ዓይናቸውን ከካስማው አላነሱም። «አይቻለሁ፣ ይርገዱ። ነፍስሽን ይማር።»

«ቆሜያለሁ እኮ ነው የምልዎት።»

«ጥሩምባ ተነፍቷል። የተነፋ ጥሩምባ እንዴት አድርጌ ልመልስ? ደግሞ ቀብር የቀረ ሰው ስሙ ይነበብ እያልሽ ስብሰባ የምታውኪው አንቺ ነሽ። ዛሬ ራስሽ ልትቀሪ ነው?»

ልክ ነበሩ።

አናጢው ሳጥን ይዞ መጣ። ልኬን ከየት አገኘህ ስለው «በዓይን ነው» አለኝ። ሳጥኑን አየሁት፤ ዓይኑ ጥሩ ነው። በዚያ ቀን የሰርቪሴን በር ለመክፈት እጀታውን ሁለት ጊዜ መጫን ነበረብኝ። ማክሰኞ ጠዋት አምስት ጊዜ ሆነ። ሻይ ቀዳሁ፤ ወደ አፌ ሳላደርሰው ቀዘቀዘ። ድንኳኑ ውስጥ ሴቶቹ ስለ እኔ ያወራሉ። «ምላሷ ነው እንጂ ልቧስ ደግ ነበር» ሲሉ ስድስት ጊዜ ሰማሁ። የማያለቅሱልኝም ምላሴን አነሱት።

አቤኔዘር ድንኳኑን ሲያይ ደስ አለው። ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ እውነተኛ ለቀስተኛ፣ ሁሉም ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ኢንጂነሩ ከገዢው ጎን ተቀምጦ «ከእኔ ሌላ ወራሽ የላቸውም» የሚልበትን ትዕይንት ከቀብር በፊት እዚያው እንቅረጽ አለ። ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ካሜራው ድንኳን ገባ።

ጥቁር ለበስኩ፣ ነጠላዬን ዘቀዘቅሁ፣ ከሴቶቹ መሃል ገብቼ ተቀመጥኩ። ለቀስተኛ እንዲናገር አልተጻፈለትም፤ ካሜራው ግን በለቀስተኛ ላይ ያልፋል። ከጎኔ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦርሳዋን ጭኔ ላይ አስቀመጠች፤ ባዶ አግዳሚ መስሏት ነው። ክብደቱ ብዙም አልተሰማኝም።

ሊጀምሩ ሲሉ አውሮፕላን አለፈ። የድምፅ ባለሙያው እጁን አነሳ፤ ጠበቅን። ስምንት ከአርባ። እንደገና ሊጀምሩ ሲሉ ከበር አዲስ ለቀስተኛ እየጮኸች ገባች። ጠበቅን። ስምንት ከአርባ ስምንት። አራት ጎልማሶች ሳጥኑን ይዘው ድንኳኑ አፍ ላይ ቆሙ። ጋሽ ቢራቱ ሰዓታቸውን አዩ። ሌላ አውሮፕላን።

ኢንጂነሩ ከወንበሩ ተነስቶ መጣና ጆሮዬ ጋ ጎንበስ አለ። ድንኳኑ ውስጥ በትክክል የት እንዳለሁ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነበር።

«ጥቂት ደቂቃ ነው የቀረው፣ እትዬ ይርገዱ» አለኝ። «ከዚያ ያርፋሉ። ቤቱን አያስቡ፤ በደንብ እይዘዋለሁ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። መልስ ልሰጠው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ድምፅ አልወጣኝም። ከትናንት ጀምሮ ስድብ ሳዘጋጅ ቆይቻለሁ። ሌባ ልለው ነበር፣ ቀጣፊ፣ የሰው ፊት ለብሶ የሚኖር። «አልሞትኩም» ልል ነበር። እያንዳንዱን በልቤ አነሳሁት፤ ሁሉም የሚያፈርስ እንጂ የሚጨምር አልነበረም። አንድ በአንድ ተውኳቸው።

አውሮፕላኑ ራቀ። አቤኔዘር «ቀጥል» አለ።

ገዢው «እግዚአብሔር ያጽናህ» አለ። ኢንጂነሩ መሃረቡን አወጣ። «ከእኔ ሌላ ወራሽ የላቸውም» አለ። ካሜራው ከእሱ ተነስቶ በቀስታ በለቀስተኛው ላይ መጣ። ስምንት ከሃምሳ ስድስት ነበር።

ተነሳሁ። ቦርሳው ከጭኔ ወድቆ ተንኳኳ፤ የድምፅ ባለሙያው ወደ እኔ ዞሮ ማይኩን ዘረጋልኝ። ኢንጂነሩ ከወንበሩ ግማሽ ድረስ ተነስቶ እዚያው ቀረ። መጀመሪያ ያወጣሁት ቃል አልተሰማም፤ ደገምኩት፤ ሁለተኛው ተሰማ። እንዲህ አልኩት፦

«ልክ ብለሃል፣ ኢንጂነር፤ ሞቻለሁ። ከቤቴ ግን አልወጣሁም። ሳጥኑ ባዶውን ይሄዳል፤ አንተ ከቀብር ብቻህን ትመለሳለህ። ጋደም ስትል ከጎንህ ያለው ፍራሽ ሰመጥ ይላል። እኔ ነኝ። አትነሳ።»