በስሟ የተሰፋ ፍራሽ

ሠራተኞቹ «ማኅተም» ይሏታል፤ ሲያሾፉባት ነው። የፍራሽ ፋብሪካው በእሷ ስም ይሁን እንጂ የሚያዝበት ታላቅ ወንድሟ ነው። የሴቶች ድርጅት በጨረታ ቅድሚያ ያገኛል ሲባል ሰማና ባሏ የሞተባትን እህቱን በአንድ ጀንበር ፋብሪካውን በስሟ አዙሮ ሥራ አስኪያጅ አደረጋት። ሲጠራት ትመጣለች፣ ማኅተሙን ትመታለች፣ ልጇን ይዛ ወደተጠጋችበት ወደ እሱ ቤት ትመለሳለች። የአስጠጊ ውለታ ደግሞ አፍ ያስይዛል።

የዚያን ቀንም ወደ ማዋለጃ ሆስፒታል ለሚላኩት ፍራሾች ማኅተም እንድትመታ ተጠራች። ወንድሟና ፍራሾቹን ሊፈትሽ የመጣው የጥራት ተቆጣጣሪ ቢሮ ውስጥ ሲሳሳቁ እሷ መጋዘን ገባች። የጥጥ ብናኝ በመስኮቱ ብርሃን ውስጥ ቀስ እያለ ይዋኛል፤ የስፌት መኪናዎቹ ድምፅ የሩቅ ዝናብ ይመስላል። እንቅልፍ እንቅልፍ አላት። ማን ያየኛል ብላ አንዱ ፍራሽ ላይ ጋደም አለች።

በሰመመን ልጇን የወለደችበት ክፍል መጣባት። አልጋዎቹ ማለቂያ የላቸውም፤ የተኙት ሴቶች ሁሉ የእሷን ፊት ይመስላሉ። አንዷ ዞር ብላ «እህቴ፣ ጀርባዬን የሚወጋኝ ምንድን ነው?» አለቻት።

ብድግ ስትል የተወጋው የራሷ ጀርባ ነው። መቀስ አንስታ ፍራሹን ተረተረችው። ጥጡ ከላይ ስስ ልባስ ብቻ ኖሯል፤ ከሥሩ የፕላስቲክ ቁርጥራጭ፣ ቡትቶ፣ ሽቦ ሳይቀር ተዘረገፈ። አፈረች። የሚሄደው በስሟ ነበር።

ወንድሟ እየሮጠ መጣ።

«አብደሻል እንዴ? ተቆጣጣሪው እኮ ጉቦውን በልቶ ጨርሷል! ዕዳው ገብስ ነው፣ ማኅተሙን ምቺና ወደ ቤት ሂጂ።»

«አልመታም።» ፈርታለች፣ በጣም ፈርታለች።

«እንግዲያው ቤቴ ድርሽ እንዳትይ!»

«እሺ፣ ወንድም ጋሼ። ልጄን አምጥቼ እዚሁ አድራለሁ። ፋብሪካው ያንቺ ነው ስትሉኝ አልነበር?»

የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ወንድሟ ፊቱ ደም መሰለ።

«ዘበኛ! ና፣ ይቺን ሴትዮ አስወጣልኝ!»

ዘበኛው መጥቶ መሃላቸው ቆመ። ሚስቱ ወሯ ገብቷል፤ ክትትሏም እዚያው ሆስፒታል ነው። መሬት ላይ የተዘረገፈውን ሽቦ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ኮፍያውን አውልቆ ወደ እሷ ዞረ።

«ማንን ላስወጣ፣ እትዬ?» አላት።