የተነቀሉት በሮች

ደላላ ነኝ። ደላላ ውሸታም ነው የሚል ሰው ሞልቷል፤ ይበል። ስለ ቤት ዋጋ ግን ዋሽቼ አላውቅም፤ መዋሸትም አያስፈልገኝም፣ እውነቱ ራሱ ውሸት ይመስላላ! ይህን እውነት ለገዛ ወንድሜ ማስረዳት ነው ያቃተኝ።

ወንድሜ አናጢ ነው። እኔ ጋሼ እለዋለሁ፤ እሱ ደግሞ አንድ ቦታ መቀመጥ ስለማልችል «አውሎ» ይለኛል። ተወልደን ባደግንበት ትንሽ ከተማ፣ አውቶቡስ ሲጋልብ ውሎ ማታ በሚደርስበት ርቀት፣ አምስት ክፍል ቤት በገዛ እጁ ሠርቷል። ሚስቱ እትዬ ኩላሊቷ እምቢ ሲላት ግን ቤቱን ቆልፈው እኔው ጋ፣ ጠባብ ኪራይ ቤቴ ገቡ። የእጥበት ማሽን ያለው እዚህ ትልቁ ከተማ ብቻ ነዋ። የምከራየው ከተማው ዳር ስለሆነ ሆስፒታሉ ለመድረስ ሁለት ታክሲ እንቀያይራለን፤ ያውም በሳምንት ሦስቴ። እትዬ ከእጥበት ስትወጣ ትዝለፈለፋለች። አንድ ቀን ታክሲ ስንጠብቅ እጄ ላይ ወደቀች። ሐኪሙ «ቅርብ ቤት ፈልጉ፤ አንድ ቀን መንገድ ላይ ትቀርባችኋለች» አለኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ባይኔ አልዞር አለ።

ፈልጌ ፈልጌ አገኘሁ። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት፣ ደረጃ የሌለው፣ አንድ ክፍል ከነመጸዳጃው። ባለቤቷ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። «ለበሽተኛ ስለሆነ እስከ ቅዳሜ እጠብቅሻለሁ። ከዚያ ወዲያ አልችልም፤ ገዢ ሞልቷል» አለችኝ። የጋሼ አምስት ክፍል ከነግቢው ቢሸጥ ለዚህች አንድ ክፍል እንደምንም ነው የሚበቃው።

ጋሼን ወስጄ አሳየሁት። ገና እንደገባ ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ።

«ይሄ ግድግዳ ነው? ባስነጥስ እኮ ጎረቤት ነው የምገኘው» አለ፣ ባለቤትየዋ ፊት። የቆርቆሮ በሩን ሲገፋው ወለሉን እየፋቀ ጮኸ። «አምስት ክፍል ሰጥቼ ይህን? በየት አገር ሒሳብ ነው፣ አውሎ?»

እጁን ይዤ ወደ ውጭ ጎተትኩት። «ጋሼ ሙት፣ የምትገዛው ግድግዳውን አይደለም። ማሽኑን ነው፣ መንገዱን ነው፣ ሥራውን ነው። ሰው ሁሉ እዚህ ልኑር ይላል፣ ቦታው አንድ ነው። እኛ ከተማ ማን ይመጣል? የራሳችን ልጆች እንኳ እግራቸው ሲጠና ወደዚህ ነው የሚሮጡት።»

«በሮቼስ? ከሙሉ እንጨት የተሠሩ በሮቼስ?»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ተውኩት።

እዚያ እኛ ከተማ አንድ የሸቀጥ ነጋዴ ቤቱን ለመግዛት ተስማምቶ ነበር። ጋሼ እያጉረመረመም ቢሆን ማክሰኞ ተሳፈረ፤ ፈርሞ ሐሙስ ሊመለስ። ሐሙስ አልመጣም። ስልኩም ዝግ ነው። ዓርብ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት ስመላለስ እትዬ ከተኛችበት «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብላ ቀለደችብኝ። እሷ ናት የታመመችው፣ እኔ ነኝ የምሞተው። አመሻሽ ላይ ነርሷ ደውላ ሌላ ገዢ ቀብድ ይዞ እንደመጣ ነገረችኝ። ጠዋት እንመጣለን ብዬ ለመንኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ደጅ ላይ የጭነት መኪና ጡሩምባ ነፋ። ወጣሁ። ጋሼ ጭነቱ ላይ ተቀምጧል። ከሥሩ የቤቱ በሮችና መስኮቶች ከነመቃናቸው ተደራርበዋል።

ደሜ ፈላ። «ምን ነካህ? በር የሌለው ቤት ማን ይገዛሃል? ሰውዬው ጥሎህ ሄደ አይደል?» ጎረቤት እስኪወጣ ጮህኩ። ከዚያም መባል የሌለበትን አልኩ፦ «ለእንጨት ብለህ ሚስትህን ልትገድላት ነው!»

ከመኪናው ቀስ ብሎ ወረደና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«በሮቹን በዋጋ አልቆጠረልኝም» አለ። «ነቀልኳቸው። ሲያይ ይደነግጣል፣ ይጨምርልኛል፣ ያኔ መልሼ እገጥማለሁ ብዬ ነው።»

«እሺ፣ ከዚያስ?»

«ሳቀ። ‹ወዳጄ፣ ስለገላገልከኝ እግዜር ይስጥልኝ፣ ለማፍረስ ሠራተኛ ልቀጥር ነበር› አለኝ። መሬቱን ነው የፈለገው፤ መንገድ ዳር ስለሆነ መጋዘን ሊሠራበት። ሙሉውን ከፈለኝ። ምንም አልቀነሰም።»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አልቻልኩም። የቤቱ ዋጋ ቤቱ አይደለም እያልኩ ስንቴ ነዝንዤዋለሁ። ዕድሜውን የፈጀበትን ቤት እንደ ቆሻሻ ሲያዩበት ምን እንደሚሰማው ግን አስቤ አላውቅም።

እትዬ ግድግዳ ተደግፋ ወጣች። «ሲፈርስ አየህ?»

«አላየሁም። ሳይጀምሩ ተሳፈርኩ።»

«ጎሽ» አለችው። ጭነቱን አየችና ሳቅ አመለጣት። «ሰው በር ተሸክሞ ይሰደዳል?»

በዚያው ጭነት መኪና እየበረርን ነርሷ ጋ ደረስን። ሌላው ገዢ ሳሎኗ ተቀምጧል። ልጣላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ ነርሷ ግን «ቃሌ ቃል ነው» ብላ ሸኘችው። ያንኑ ዕለት ተፈራረምን።

ስንገባ እትዬ የቆርቆሮ በሩን ገፋችው። አልነቃነቅ አለ። መርፌ የሚገባበት ክንዷ በፋሻ እንደተጠቀለለ በትከሻዋ ገፋችው፤ አሁንም እምቢ። ጋሼ ክንዷን አየ። ከመኪናው የድሮ ቤቱን የሳሎን በር አወረደ፤ በተጋቡ ዓመት የሠራውን፣ በጠርዙ ዙሪያ ሐረግ የፈለፈለበትን። ለካው። ከክፍተቱ በአንድ ስንዝር ይሰፋል፣ ቁመቱም ይበልጣል። እርሳሱን ከጆሮው አውጥቶ ሐረጉ መሐል ላይ አሰመረ።

«ጋሼ ተው፣ ሌላውን ቁረጥ። ይሄ እዚህ ቢሸጥ ጥሩ ያወጣል» አልኩ፤ የደላላ ምላስ መቼ ያርፋል?

«ዝም በይ፣ አውሎ» አለና መጋዙን አነሳ።

ሐረጉ ግማሹ በሩ ላይ ቀረ፣ ግማሹ ወለል ላይ ወደቀ። በሩን ገጠመ፣ ማጠፊያውን ዘይት ቀባ፣ ሚስቱን ጠራት። እትዬ በአንድ ጣቷ ገፋችው፤ ድምፅ ሳያሰማ ተከፈተ።

ሰኞ ብቻዬን ልሂድ አለች። መንገዱን ተሻግራ ሆስፒታሉ በር ስትደርስ፣ አንዴም ሳታርፍ፣ ዞር ብላ እጇን አውለበለበችልን። ጋሼ በሩን ተደግፎ እስክትገባ አያት።

«አውሎ» አለኝ፣ ዓይኑን ከዚያ ሳይነቅል፣ «ይህችን ቤት በርካሽ ነው የገዛናት።»